ስዋሚ ቪቬካናንዳ፦ ስለ ሕይወቱና ስለ ምናኔው ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዚህ በታች ስለዚህ ሕንዳዊ መነኩሴ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሡትን ጥያቄዎች በአቅሜ መልሻለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስዋሚ ቪቬካናንዳ ማን ነበር?

በ1863 በካልካታ (በዛሬዋ ኮልካታ) ከተማ ተወልዶ በ1902 በ39 ዓመቱ ያረፈ ቤንጋሊ መነኩሴ፣ መምህርና ገዳም መሥራች ነው። በ1893 በቺካጎ በተካሄደው የዓለም ሃይማኖቶች ጉባኤ ላይ ባደረገው ንግግር ዓለም አወቀው። እኔን ግን ከቺካጎው ጭብጨባ ይልቅ ከዚያ በፊት የነበሩት ዓመታት ይበልጥ ይስቡኛል። ዓለምን ንቆ፣ ዋሻ ገብቶ፣ ብቻውን ከአምላኩ ጋር ሊኖር የተነሣ ወጣት ፊቱን ወደ ተራበው ሕዝብ እንዴት እንዳዞረ የሚታየው በእነዚያ ዓመታት ነውና።

«ስዋሚ» ስም ነው ወይስ ማዕረግ?

ማዕረግ ነው። ቃሉ የሳንስክሪት ሲሆን «ጌታ» ማለት ነው፤ ራሱን የገዛ ሰው ለማለት ለመነኮሳት ይሰጣል። በእኛ ዘንድ ከመነኩሴ ስም በፊት «አባ» እንደምንለው ነው። በብዙ የሂንዱ መነኮሳት ስም መጨረሻ ላይ የሚገኘው «አናንዳ» ደግሞ ሐሴት ማለት ነው። «ቪቬካ» ለይቶ ማወቅ ነው፤ ኃላፊውን ከማያልፈው መለየት። ወላጆቹ ያወጡለት ስም ናሬንድራናት ዳታ ሲሆን ቤተሰቡና ጓደኞቹ ናሬን ይሉት ነበር። ሲመነኩስ የወሰደው ስም ሌላ ነው፤ ቪቬካናንዳ የሚለውን በቋሚነት የያዘው በ1893 ወደ አሜሪካ ሊጓዝ ሲል የኬትሪው ገዥ ራጃ አጂት ሲንግ ባቀረቡለት ሐሳብ ነበር።

በሂንዱ ሥርዓት መመንኮስ ምን ይመስላል?

በጥንቱ የሂንዱ ትምህርት የሰው ዕድሜ አራት ምዕራፎች አሉት፦ ተማሪነት፣ ትዳር፣ ከኑሮ ግርግር ወደ ጫካ ገለል ማለት፣ በመጨረሻም ሳንያሳ፣ ማለትም ፍጹም ምናኔ። ጥሪው የበረታበት ሰው ግን መሀሉን ዘሎ በወጣትነቱ ሊመንን ይችላል። ናሬንም ያደረገው ይህንኑ ነው።

በሥርዓቱ ጊዜ ቅዱስ እሳት ይነድዳል። መናኙ ዘመድ ለሟች የሚያደርገውን ሥርዓት በቁሙ ለራሱ ይፈጽማል። ከዚያ ወዲያ ርስት የለውም፤ ካስት የሚባለው የዘር መደብም ይቀርለታል። አዲስ ስም ይቀበላል፤ በቀይ አፈር ቀለም የተነከረ ልብስ ይለብሳል፤ ሰው የሰጠውን ይበላል። የኢትዮጵያን ገዳማት ሥርዓት ለሚያውቅ አንባቢ ይህ ሙሉ በሙሉ እንግዳ አይሆንበትም፤ በእኛም ዘንድ የሚመነኩሰው ሰው ለዓለም እንደ ሞተ ተቈጥሮ ፍትሐት ይደረግለታል። እምነቱና ምንጩ የተለያየ ቢሆንም ሁለቱም ወገኖች ምናኔን በሞት መስለውታል።

በሕንድ ከመነኮሳት ማኅበራት ስመ ጥሩው ዳሻናሚ ይባላል፤ ትርጉሙ «ባለ ዐሥር ስሞች» ነው። ያደራጀው አድቫይታ የተባለው የሂንዱ ትምህርት (ወደ ኋላ እመለስበታለሁ) ፈላስፋ ሻንካራ እንደሆነ በትውፊት ይነገራል። ቪቬካናንዳ በመምህሩ በራማክሪሽና በኩል የዚህ ማኅበር የፑሪ ቅርንጫፍ ልጅ ነው፤ ራማክሪሽናን ያመነኮሱት ቶታፑሪ የዚያ ቅርንጫፍ መናኝ ነበሩና።

ከድሃ ቤት ነው የተወለደው?

አይደለም። አባቱ ቪሽዋናት ዳታ በካልካታ ከፍተኛ ፍርድ ቤት የሚሠራ ጠበቃ ነበር፤ ገቢው ብዙ፣ እጁም የማይሰስት። እናቱ ብሁቫኔሽዋሪ ዴቪ የቆዩትን የሂንዱ ተረኮች እየነገረች አሳደገችው። አያቱ በወጣትነቱ ሚስትና ልጅ ትቶ የመነነ ሰው ስለነበር ምናኔ ለዚያ ቤት አዲስ ወሬ አልነበረም።

ከልጅነቱ ታሪኮች አንዱን በጣም እወደዋለሁ። በአባቱ የእንግዳ ክፍል ውስጥ ለየመደቡ የተለየ የትምባሆ ማጨሻ ጋያ ተደርድሮ ይቀመጥ ነበር፤ ከሁሉ ከፍ ላለው የካህናት መደብ ለብራህሚኑ ሌላ፣ ለሙስሊሙ ሌላ። የአንዱ አፍ የነካውን ሌላው ቢነካ ይረክሳል ይባላልና። አንድ ቀን ልጁ ሰው በሌለበት ገብቶ ሁሉንም በየተራ ሳበ። አባቱ ደርሶ ምን እየሠራ እንደሆነ ቢጠይቀው፣ የመደቡን ሕግ ብጥስ ምን እንደምሆን ለማየት ነው ብሎ መለሰ። ምንም አልሆነም። ይህን ጋያ አንባቢ ያስታውስልኝ፤ ደግሜ እመለስበታለሁ።

ናሬን የስኮትላንድ ሚሲዮናውያን ባቋቋሙት ኮሌጅ ፍልስፍና ተምሮ በ1884 የመጀመሪያ ዲግሪውን አገኘ። የምዕራባውያንን ፈላስፎች አጥብቆ ያነብ ነበር። ድምፁ ያማረ ዘፋኝም ነበር። ለምስል መስገድን የሚቃወመው ብራህሞ ሳማጅ የተባለ የተሐድሶ ማኅበር አባልም ሆኗል።

ታዲያ እንዲህ ያለ ተጠራጣሪ ተማሪ ጉሩ፣ ማለትም መንፈሳዊ መምህር፣ እንዴት ተቀበለ?

በአንድ ጀምበር አልተቀበለም።

ራማክሪሽና በ1836 በቤንጋል ገጠር ከድሃ ብራህሚን ቤተሰብ የተወለዱ፣ ከካልካታ በስተ ሰሜን በዳክሺኔሽዋር፣ በሁግሊ ወንዝ ዳር ባለው ካሊ በምትባለው የሂንዱ እናት አምላክ ቤተ መቅደስ ያገለገሉ ካህን ናቸው። የረባ የቀለም ትምህርት አልነበራቸውም። ካሊን «እናቴ» እያሉ እንደ ሕፃን ያለቅሳሉ፤ በመዝሙር መሀል ነፍሳቸው ትመሰጣለች፤ የእስልምናንና የክርስትናን የጸሎት መንገድ ሳይቀር በየተራ ሞክረው ሁሉም ወደ አንድ አምላክ እንደሚያደርሱ ያስተምሩ ነበር።

ናሬን በከተማው ታዋቂ የሆኑ የሃይማኖት ሰዎችን አንድ ጥያቄ ይጠይቅ ነበር፦ «አምላክን አይተውታል?» የብራህሞ ሳማጅን መሪ ዴቤንድራናት ታጎርን ጠይቆ ቁርጥ ያለ መልስ አላገኘም። በ1881 መጨረሻ ከራማክሪሽና ጋር ተዋወቀ፤ ወደ ዳክሺኔሽዋር ሄዶም ያንኑ ጠየቃቸው። «አዎን፣ አየዋለሁ፤ አንተን እዚህ እንደማይህ፣ እንዲያውም ከዚህ አጥርቼ» አሉት። ሰውየው አእምሯቸው የተነካ ይሆናል ብሎ ተጠራጠረ፤ ቢሆንም እንደዚህ የመለሰለት ሰው ገጥሞት አያውቅም ነበርና ከመመላለስ አልተገታም።

ራማክሪሽና ገንዘብ መንካት እንደማይችሉ ይነገር ነበር። ናሬን ይህ እውነት እንደሆነ ለማወቅ እሳቸው ወጣ ባሉበት ከፍራሻቸው ሥር አንድ የሩፒ ሳንቲም ሸጎጠ። ተመልሰው ገና ቁጭ ከማለታቸው እሳት እንደነካው ሰው ብድግ አሉ። አልጋው ሲራገፍ ሳንቲሙ ተገኘ። ራማክሪሽና አልተቈጡም፤ ገንዘብ መንዛሪ ሳንቲሙን አንኳኩቶ እንደሚቀበል ሁሉ እኔንም ፈትኑኝ እያሉ ደቀ መዛሙርቱን ያበረታቱ ነበር። ደቀ መዝሙሩን እንዲህ የሚያደፋፍር መምህር ብዙ አይገኝም።

በድህነት ተፈትኗል የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። አባቱ በፌብሩዋሪ 1884 በድንገት ሞተ። ዕዳው ከሀብቱ በልጦ ተገኘ፤ ዘመዶችም በቤቱ ላይ ክስ መሠረቱ። የበኩር ወንድ ልጅ ናሬን በባዶ እግሩ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ከቢሮ ቢሮ ሥራ ፍለጋ ዞረ። ቤት ውስጥ ያለው ምግብ ለሁሉም እንደማይበቃ ሲያይ ለእናቱ «ተጋብዤአለሁ» ብሎ ይወጣና ጦሙን ይውላል።

በመጨረሻ ወደ ራማክሪሽና ሄዶ ለቤተሰቡ ካሊን እንዲለምኑለት ጠየቃቸው። «አንተው ራስህ ሂድና ለምናት» አሉት። በዚያ ማታ ወደ መቅደሱ ገባ። በምስሏ ፊት ሲቆም ግን ገንዘቡ ከሐሳቡ ጠፋ፤ ማስተዋልን፣ ምናኔን፣ ዕውቀትንና ፍቅርን ብቻ ለምኖ ወጣ። መምህሩ መልሰው ላኩት። አሁንም እንደዚያው ሆነ። በሦስተኛው ጊዜ የመጣበት ጉዳይ ትዝ አለው፤ ነገር ግን በንግሥት ፊት ቆሞ ዱባ እንደ መለመን ሆኖበት አፈረ። ያን ጊዜ ራማክሪሽና ቤተሰቡ ተራ ምግብና ሻካራ ልብስ እንደማያጣ ተስፋ ሰጡት።

ይህን ታሪክ ሰዎች በአብዛኛው ስለ እምነቱ ብርታት ይተርኩታል። እኔ ሳነብበው የሚታየኝ ረሃብን በገዛ ሆዱ ያወቀ ሰው ነው። በኋላ ስለ ድሆች የተናገረው ሁሉ ከመጽሐፍ የተቀዳ አይደለም።

መቼና የት መነኮሰ?

በ1885 ራማክሪሽና የጉሮሮ ካንሰር ያዛቸው። ወጣቶቹ ደቀ መዛሙርት በኮሲፖር በአንድ የአትክልት ቤት ሆነው አስታመሟቸው። በዚያ ወቅት ናሬን መምህሩን አንድ ነገር ለመናቸው፤ ለቀናት በተመስጦ ውስጥ ተውጦ መኖር ነበር የሚሻው። ራማክሪሽና ገሠጹት፤ ብዙዎችን እንደሚያስጠልል ትልቅ የባንያን ዛፍ ትሆናለህ ብዬ ስጠብቅህ አንተ የራስህን መዳን ብቻ ትፈልጋለህን? አሉት። መላ ሕይወቱ ለዚህ ተግሣጽ የተሰጠ መልስ ይመስለኛል።

ራማክሪሽና ኦገስት 16 ቀን 1886 ካረፉ በኋላ ወጣቶቹ በባራናጎር አንድ የፈራረሰ ቤት ተከራዩ። ኪራዩን የሚከፍልላቸው ሱሬንድራናት ሚትራ የተባለ የመምህሩ ወዳጅ ነበር። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ውስጥ አንትፑር በምትባል መንደር ሌሊት በእሳት ዙሪያ ተቀምጠው ናሬን የኢየሱስን ሕይወት ተረከላቸው፤ ሁሉም ዓለምን ሊተዉ ቃል ተገባቡ። ያ ሌሊት የአውሮፓውያን የገና ዋዜማ መሆኑን ያወቁት በኋላ ነው። በ1887 መጀመሪያ በባራናጎር የምንኵስናውን ሥርዓት ፈጸሙ።

ኑሯቸው እጅግ የከበደ ነበር። ሩዝ ከተገኘ ጨው ይጠፋል፤ ወጡ የተቀቀለ መራራ ቅጠል ነው። ደኅና ልብስ ከአንድ ሁለት ስለማይበልጥ ወደ ውጭ የሚወጣው ሰው እሱን ይለብሳል፤ የቀሩት በአገልድም ይቀመጣሉ። እንዲያም ሆኖ ቀንና ሌሊት ይዘምሩ፣ ይከራከሩ፣ ያሰላስሉ ነበር።

በአገሩ ውስጥ የተንከራተተው ለምንድን ነው?

የሂንዱ መናኝ አንድ ቦታ እንዳይተክል ይመከራል፤ ወራጅ ውኃ አይሸትም እንዲሉ። ናሬን ከ1888 ጀምሮ እየወጣ እየገባ፣ ከ1890 በኋላ ደግሞ ጨርሶ መንገድ ላይ ሆኖ ሕንድን ከሂማላያ እስከ ደቡብ ጫፍ ዞረ። የያዘው በትር፣ የውኃ ዕቃና ሁለት መጻሕፍት ነበር፤ አንዱ ብሃጋቫድ ጊታ የተባለው የሂንዱዎች ቅዱስ መጽሐፍ፣ ሌላው ክርስቶስን ስለ መምሰል የሚያስተምር የአንድ ክርስቲያን መነኩሴ ድርሳን። አንዳንድ ቀን በራጃ ቤተ መንግሥት፣ አንዳንድ ቀን በጫማ ሰፊ ጎጆ ያድራል።

አሁን ወደ ጋያው ልመለስ። ቭሪንዳቫን በምትባል የሰሜን ሕንድ ከተማ አቅራቢያ ሲሄድ መንገድ ዳር ትምባሆ የሚያጨስ ሰው አየና አንድ ጊዜ እንዲያስበው ጠየቀው። ሰውየው ወደ ኋላ ሸሸ፤ «እኔ እኮ ጠራጊ ነኝ» አለ፤ ጠራጊዎች ከመደቦቹ ሁሉ በታች ይቈጠሩ ነበርና። መነኩሴውም እጁን ሰብስቦ መንገዱን ቀጠለ። ጥቂት እንደ ሄደ ግን ቆመ። በእሳት ፊት መደቤን ትቻለሁ ብዬ ምዬ የለም ወይ? ለምን ሸሸሁ? ብሎ ራሱን ጠየቀ። ተመልሶ ከሰውየው ጎን ተቀመጠ፤ ሰውየው እያመነታም ቢሆን እንዲሰጠው አግባባው፤ አጨሰም። በሕፃንነቱ በጨዋታ የደፈረውን ነገር መነኩሴ ከሆነ በኋላ እንደገና መማር ነበረበት። ይህን ስሕተቱን ራሱ ሳይደብቅ ይናገር እንደነበር ስለማውቅ አከብረዋለሁ።

በዲሴምበር 1892 የሕንድ ምድር የሚያልቅበት ካንያኩማሪ ደረሰ፤ በባሕሩ ውስጥ ባለ ዐለት ላይ ሦስት ቀን በጽሞና ተቀመጠ። በኋላ ለአንድ ወንድም መነኩሴ በጻፈው ደብዳቤ በዚያ የመጣለትን ሐሳብ ገልጿል፦ እኛ መነኮሳት እየዞርን ለሕዝቡ ረቂቅ ፍልስፍና ማስተማራችን እብደት ነው፤ ባዶ ሆድ ለሃይማኖት አይሆንም ይሉ የነበሩት መምህራችን አይደሉም ወይ? የሚል ነበር።

ቺካጎ እንዴት ሄደ? እዚያስ ምን ተፈጠረ?

በማድራስ አላሲንጋ ፔሩማል የተባለ መምህርና ባልንጀሮቹ ከቤት ቤት እየዞሩ ገንዘብ አሰባሰቡለት፤ የኬትሪው ራጃም ረዳው። ሜይ 31 ቀን 1893 ከቦምቤይ በመርከብ ተነሣ፤ በጃፓንና በካናዳ በኩል አድርጎ በጁላይ መጨረሻ ቺካጎ ገባ። ጉባኤው የሚከፈተው በሴፕቴምበር መሆኑን፣ የውክልና ወረቀት የሌለው ሰው እንደማይገባም የሰማው እዚያ ነው። ወረቀት አልነበረውም። ገንዘቡም እያለቀ ነበር።

ኑሮ ይረክሳል ስለተባለ ወደ ቦስተን አካባቢ ሄደ። ባቡር ውስጥ የተዋወቃት ደራሲት ኬት ሳንቦርን በቤቷ አስተናገደችው፤ በዚያ ሰበብ የሃርቫርድ የግሪክ ቋንቋ ፕሮፌሰር ከነበሩት ከጆን ሄንሪ ራይት ጋር ተገናኘ። ፕሮፌሰሩ የውክልና ወረቀት እንደሌለው ሲነግራቸው፣ አንተን ወረቀት መጠየቅ ፀሐይን በምን መብትሽ ታበሪያለሽ ብሎ እንደ መጠየቅ ነው አሉት፤ ለጉባኤው አዘጋጆችም ጻፉለት።

ቺካጎ ሲመለስ የሚሄድበት አድራሻ ጠፋበት፤ መሽቷል። በባቡር ጣቢያው የዕቃ ማራገፊያ ግቢ ባዶ ፉርጎ ውስጥ አደረ። ሲነጋ በአገሩ ልማድ ከቤት ቤት እየሄደ ምግብና አቅጣጫ ጠየቀ። በአገሩ ቢሆን ቀይ ልብስ ለለበሰ መናኝ ማንም በሩን አይዘጋም ነበር፤ የቆሎ ተማሪ በደጃችን «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል እንደማናሳፍረው ማለት ነው። በዚያች ከተማ ግን አቧራ የለበሰ እንግዳ ነውና አባረሩት። ደክሞት መንገድ ዳር ተቀመጠ። ከፊት ለፊቱ ካለው ቤት አንዲት እመቤት ወጥታ «ጌታዬ፣ ለሃይማኖቶች ጉባኤ የመጡ ተወካይ ነዎት?» አለችው። ወይዘሮ ሄል ነበረች። ቁርስ አብልታ ራሷ ወደ ጉባኤው ጽሕፈት ቤት ወሰደችው። የሄል ቤተሰብ ከዚያ ጊዜ ጀምሮ እንደ ሥጋ ዘመድ ሆኑት።

ሴፕቴምበር 11 ተራው በደረሰ ቁጥር «ቆይ፣ በኋላ» እያለ አሳለፈ፤ በትልቅ ስብሰባ ፊት ለመናገር ፈርቶ ነበር። ከሰዓት በኋላ ተነሣና «የአሜሪካ እኅቶችና ወንድሞች» ብሎ ጀመረ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ንግግሩ አጭር ነበር፤ ሃይማኖቶች እርስ በርስ መቻቻል ብቻ ሳይሆን አንዱ የሌላውን እውነት መቀበል እንዳለበት ተናገረ። ጭፍን ወገንተኝነት ምድርን በደም ማጥለቁንም ወቀሰ።

በዚያ ሰሞን በአንድ ሀብታም ቤት ለስላሳ አልጋ ተዘጋጀለት። በሕንድ ያሉት ድሆች ትዝ ብለውት ትራሱ በእንባ እስኪርስ አለቀሰ፤ ከአልጋው ወርዶም ወለል ላይ ተኛ። ሴፕቴምበር 20 በዚያው ጉባኤ ፊት ቆሞ ለክርስቲያኖቹ አድማጮች በግልጽ ነገራቸው፦ ሕንድ የጎደላት ሃይማኖት አይደለም፤ የሚራብ ሕዝብ እንጀራ ሲለምን ድንጋይ አትስጡት።

ሰዎችን ሃይማኖታቸውን ያስቀይር ነበር?

በጉባኤው መዝጊያ ላይ ክርስቲያኑ ሂንዱ ወይም ቡድሂስት፣ ሂንዱውም ክርስቲያን መሆን እንደማያስፈልገው ተናግሯል፤ እያንዳንዱ የራሱን እንደያዘ የሌላውን መንፈስ ወደ ራሱ ያዋህድ ነው ያለው። ይሁን እንጂ ወደ እሱ የመጡ ጥቂት ምዕራባውያንን አመንኩሷል፤ በ1894 በኒው ዮርክ ቬዳንታ የተባለውን የሂንዱ ትምህርት የሚያስፋፋ ማኅበር አቋቁሟል። ስለዚህ ቬዳንታን ሰብኳል፤ ዓላማዬ ብሎ ሃይማኖት ማስቀየርን ግን አልያዘም።

የትምህርቱ ፍሬ ነገር ምንድን ነው?

አድቫይታ ቬዳንታ ይባላል፤ «ሁለትነት የሌለው» ማለት ነው። መሠረቱ ኡፓኒሻድ የተባሉት ጥንታዊ መጻሕፍት ናቸው። በዚህ ትምህርት መሠረት በእያንዳንዱ ሰው ውስጥ ያለው አትማን፣ ማለትም እውነተኛው ማንነት፣ ከሁሉ በላይ ከሆነው ከብራህማን የተለየ አይደለም። ሰው በተፈጥሮው መለኮታዊ ነው፤ ድንቁርና ጋርዶታል እንጂ። የሕይወት ዓላማ ያንን መጋረጃ መግለጥ ነው። ይህ ከክርስትናም ከእስልምናም ትምህርት በግልጽ እንደሚለይ ልብ ማለት ያስፈልጋል፤ በእነዚህ ፈጣሪና ፍጡር አንድ አይሆኑምና።

መንገዶቹ አራት ናቸው፦ የዕውቀት፣ የፍቅር፣ ዋጋ የማይጠበቅበት ሥራ፣ ሐሳብን የመግዛት መንገድ። እያንዳንዱ ሰው እንደ ጠባዩ አንዱን ወይም ሁሉንም ሊይዝ ይችላል። ከዚህ ትምህርት ቪቬካናንዳ ያወጣው መደምደሚያ ግን ከቀደሙት ብዙ መናኞች ይለየዋል። በሰው ሁሉ ውስጥ መለኮት ካለ የተራበን ማብላት ምጽዋት መሆኑ ቀርቶ ራሱ አምልኮ ይሆናል። ዘሩን ያገኘው ከመምህሩ ነው፤ ራማክሪሽና ለፍጡር ማዘን ማን ነህና፣ በውስጡ አምላክን ሺቫን እያየህ አገልግለው እንጂ ይሉ ነበር።

ዮጋ ሲባል እሱ ያስተማረው ስፖርቱን ነው?

አይደለም። በ1896 ያሳተመው ስለ ራጃ ዮጋ የሚያስረዳ መጽሐፍ ትኩረቱ ሐሳብን በማረጋጋትና በመሰብሰብ ላይ ነው። ለሰውነት እንቅስቃሴው ዓይነት ዮጋ ብዙ ግምት አልነበረውም።

ከምዕራብ ሲመለስ ምን ሠራ?

በጃንዩዋሪ 1897 ኮሎምቦ ደረሰ፤ ሜይ 1 ቀን በካልካታ የራማክሪሽና ሚሽንን መሠረተ። ከወንድሞቹ መነኮሳት መካከል የተቃወሙት ነበሩ። መምህራችን ያስተማሩን ጸሎትና ምናኔን ነው፤ ሆስፒታል፣ ትምህርት ቤት፣ የረሃብ እርዳታ የምዕራባውያን ሐሳብ አይደለም ወይ? አሉት። ክርክሩ ቀላል አልነበረም፤ የተቃወሙት ሰዎችም ቅን ነበሩ። በመጨረሻ ተከተሉት። አክሃንዳናንዳ የተባለው ወንድሙ በዚያው ዓመት በሙርሺዳባድ አውራጃ ለተራቡት እህል ማደል ጀመረ። የማኅበሩ መሪ ቃል ሁለቱን አንድ ላይ አስሯል፦ ለራስ አርነት፣ ለዓለምም ደኅንነት።

በ1898 ካልካታ ውስጥ ወረርሽኝ ገባ። ለሕሙማኑ ገንዘብ ከየት ይመጣል ተብሎ ሲጠየቅ፣ ካስፈለገ ለገዳሙ የተገዛውን መሬት እንሸጣለን፤ እኛ መነኮሳት ነን፣ ከዛፍ ሥር አድረን ለምነን እንበላለን አለ። መሸጥ አላስፈለገም። በዲሴምበር 9 ቀን 1898 የመምህሩን አመድ የያዘውን ዕቃ በትከሻው ተሸክሞ በጋንጀስ ዳር ወዳለው ወደ ቤሉር አመጣው፤ የቤሉር ገዳም ተመረቀ።

እናቱን ረሳት?

አልረሳትም፤ ይህ ጉዳይ እስከ መጨረሻው ያስጨንቀው ነበር። የኬትሪው ራጃ በየወሩ 100 ሩፒ እንዲረዳት አደረገ፤ የቤት ክሱን እስከ መጨረሻዎቹ ቀናቱ ድረስ ተከታተለ፤ በ1901 ደግሞ ወደ ምሥራቅ ቤንጋልና ወደ አሳም ቅዱሳን ቦታዎች ይዟት ተሳለመ። ለራሱ የቀብር ሥርዓት የፈጸመ መነኩሴ የእናቱን ነገር ማንሣት ነበረበት ወይ ብለው የሚጠይቁ አሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ እኔ ግን የእናቱን ነገር የጣለ መናኝ ቢሆን ኖሮ የድሃውን ነገር ሲናገር አላምነውም ነበር።

ሥጋ ይበላ ነበር?

አዎን። ቤንጋሎች ዓሣም ሥጋም ይበላሉ፤ እሱም አልደበቀውም። ለምግብ ንጽሕና ሲከራከሩ ጎረቤታቸው መራቡን የማያዩ ሰዎችን አጥብቆ ይነቅፍ ነበር።

በሴቶች ትምህርት ላይ ምን አቋም ነበረው?

ሴቶች ካልተማሩ አገር አትነሣም፤ ወፍ በአንድ ክንፍ አይበርም ይል ነበር። ማርጋሬት ኖብል የተባለች አየርላንዳዊት መምህርት በ1898 ወደ ሕንድ መጣች፤ ኒቬዲታ ብሎ ሰየማት፤ «ራሷን የሰጠች» ማለት ነው። በዚያው ዓመት በካልካታ የልጃገረዶች ትምህርት ቤት ከፈተች። የመረቁላት የራማክሪሽና ባለቤት ሳራዳ ዴቪ ነበሩ። የሴት መነኮሳት ገዳም ግን ምኞቱ ሆኖ ቆየና በስማቸው የተቋቋመው በ1954 ነው።

ወደ እኛ አካባቢ መጥቶ ያውቃል?

ኢትዮጵያን አልረገጠም፤ በደጃችን ግን አልፏል። በ1897 ወደ አገሩ ሲመለስ መርከቡ ከቀይ ባሕር ወጥቶ ከሶማሌ ጠረፍ ባሻገር ባለችው በኤደን ወደብ ቆመ። ከእንግሊዛውያን ደቀ መዛሙርቱ ጋር ከከተማው ወጣ ብለው ሳለ ከሩቅ አንድ ሕንዳዊ የጫት መሰል ቅጠል ሻጭ አየ። ሮጦ ሄደና «ወንድሜ፣ ጋያህን እስቲ ስጠኝ» አለው፤ ከሻጩ ጎን ተቀምጦም በደስታ ሳበ። መደቡን አልጠየቀውም። ከአባቱ የእንግዳ ክፍል የጀመረው መንገድ በቭሪንዳቫን ጥርጊያ አድርጎ እዚህ ደረሰ።

በ1900 መጨረሻ ደግሞ ከአውሮፓ ተነሥቶ በቁስጥንጥንያና በአቴና በኩል ካይሮ ገባ፤ ጉብኝቱን አቋርጦም በድንገት ወደ አገሩ ተመለሰ። በዲሴምበር 9 ማታ ቤሉር ሲደርስ የራት ደወል ሰማ፤ በሩ ተቈልፎ ነበርና አጥሩን ዘሎ ገባ። መነኮሳቱ ማን መጣ ብለው ሲደነግጡ እሱ ራት እንዳያልቅበት እንደ ቸኰለ ነገራቸው፤ አብሯቸው ተቀምጦም ክቹሪ የሚባለውን የሩዝና የምስር ቅቅል በላ።

እንዴት አረፈ?

የስኳር በሽታና አስም ያሠቃዩት ነበር። አርባ ዓመት አልሞላም ሲል ተሰምቷል። ጁላይ 2 ቀን 1902 ኒቬዲታ ልትጠይቀው መጣች። እሱ ጾም ላይ ነበር፤ ለእሷ ግን ምግብ በእጁ አቀረበላት፤ ስትጨርስ ውኃ አምጥቶ እጇን አስታጠባት፣ በፎጣም አደረቀላት። «ይህን ማድረግ የሚገባኝ እኔ ነኝ እንጂ እርስዎ አይደሉም» አለችው። «ኢየሱስ የደቀ መዛሙርቱን እግር አጥቧል» አላት። ያ እኮ የመጨረሻው ጊዜ ነበር ልትል ፈለገች፤ ቃሉ ግን ከአፏ አልወጣም።

ጁላይ 4 ጠዋት በጸሎት ቤቱ መስኮትና በር ዘግቶ ለሦስት ሰዓት ያህል አሰላሰለ። ምሳውን ከመነኮሳቱ ጋር በላ፤ ከሰዓት በኋላ ለተማሪዎች የሳንስክሪት ሰዋስው አስተማረ፤ ከወንድም መነኩሴው ከፕሬማናንዳ ጋር ረዘም ያለ መንገድ በእግሩ ሄደ። ማታ ክፍሉ ገብቶ መቁጠሪያውን ይዞ ተቀመጠ፤ ከዚያ ጋደም አለ። ከምሽቱ 3 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ገደማ ትንፋሹ ቆመ።

ቦታዎቹን ዛሬ መጎብኘት ይቻላል?

ይቻላል። በኮልካታ የተወለደበት ቤት ታድሶ ሙዚየም ሆኗል። በካንያኩማሪ ዐለቱ ላይ በ1970 የተመረቀ መታሰቢያ አለ፤ በጀልባ ይሄዱበታል። በቤሉር የኖረበት ክፍል እንደነበረ ተጠብቆ ይታያል። አስከሬኑ የተቃጠለው በዚያው ግቢ በወንዙ ዳር፣ ራሱ አስቀድሞ ባመለከተው ቦታ ሲሆን፣ ዛሬ በላዩ ላይ ትንሽ ቤተ መቅደስ ቆሞበታል።